በድምፅ ማጉያ የተጠሩ ልብስ ሰፊዎች

መርጋ ለምን ማድቤቱ ቆጥ ላይ እንደሚተኛ ድርቤ ሁለት ጊዜ ጠይቃ ሁለት ዓይነት መልስ አግኝታለች። ታላቅ እህታቸው ቀለሟ «አልጋው ትኋን ገባበት» አለቻት። ራሱ መርጋ ደግሞ «ወገቤን ያመኛል፤ ጠንከር ያለ ነገር ላይ ስተኛ ይሻለኛል» አላት። ትኋን ገባበት በተባለው አልጋ ላይ ድርቤ ከምሥራቅ ጀርመን ከተመለሰች ወዲህ ራሷ እየተኛችበት ነው፤ አንድም ቀን የነከሳት ነገር የለም። ወገቡን ያመዋል የተባለው ወንድሟም በየማለዳው አንገቱና የሸሚዙ ኮሌታ ጥላሸት ለብሶ፣ እንደ ድመት ከቆጡ ዘሎ ሲወርድ ታየዋለች። ቀለሟ ምንም ሳትናገር ውሃ ታፈስለታለች፣ እሱም ምንም ሳይናገር ይታጠባል። ድርቤ ትታው የሄደችው ቤት ጫጫታ የሞላበት ነበር፤ ሦስቱም ወንድምና እህት በአንድ ጊዜ የሚያወሩበት፣ ኦሮምኛው ከአማርኛው ጋር ተቀላቅሎ ጎረቤት ድረስ የሚሰማበት። የተመለሰችበት ቤት ግን ቃል የሚቆጥብ ሆኖ ጠበቃት። እሷ ስትገባ ወሬው ይቆማል፤ ከዚያ ስለ ጨው፣ ስለ ላምባ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ይቀጥላል።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ሻዩን ቆማ ነው የጠጣችው። ከተመለሰች ጀምሮ ቁጭ ብላ አንድ ብርጭቆ መጨረስ አልሆነላትም፤ ወንበር ትቀይራለች፣ መስኮት ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች።

«ዛሬ አንድ ነገር ትሰማለህ» አለችው መርጋን።

«ምን?»

«ከነገርኩህማ ምኑን ሰማኸው። ከተማው ሁሉ ይሰማዋል።»

«ደሞዝ ሊጨምሩልሽ ነው እንዴ?» አለና ሳቀ። «ወይስ ባል ተገኘ?»

ቀለሟ አልሳቀችም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀና ብላ «ምንድን ነው ከተማው ሁሉ የሚሰማው?» ስትል ድርቤ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጥላ ግቢውን ተሻግራ ነበር።

የምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ድሮ የጸሎት ቤት የነበረ አዳራሽ ነው። ከተወረሰ በኋላ ምእመናኑ ይቀመጡባቸው የነበሩት ረጃጅም አግዳሚዎች የአንባቢ መቀመጫ ሆኑ፤ ዘማሪዎች ይቆሙበት የነበረው ከፍ ያለ ወለል ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ ቆመ። ቀለሟ የተዳረችው፣ ድርቤ ሩቅ አገር ሳለች፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ባሏ ሲሞት የተለቀሰለትም እዚያው ነው። እህቷ ተቀጥራ ከገባችበት ቀን አንስቶ እግሯን አላስገባችም፤ ምሳ ስታመጣላት እንኳ በር ላይ ቆማ አቀብላት ትመለሳለች። ድርቤም አትጠይቃት፣ እሷም አትናገር። መደርደሪያዎቹን የሞሉት ቀይ ሽፋን ያላቸው፣ ቁጥር በቁጥር የተሰደሩ፣ ማንም የማይከፍታቸው ጥራዞች ናቸው። ድርቤ አንዳንድ ቀን አቧራቸውን እየጠረገች፣ አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው ወይ እያለች ራሷን ትጠይቃለች። ከዚያ ጨርቁን ጥላ ወደ በሩ ትሄዳለች።

ከተማው የወደደው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እሷ በሻንጣዋ ይዛው የመጣችው። ላይፕሲግ ውስጥ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛችው ወፍራም የልብስ ቅድ መጽሐፍ ነው፤ የኮት፣ የሱሪ፣ የሙሽራ ቀሚስ ቅዱ ከነልኩ በሥዕል ተነድፎበታል። እሱን ለማየት ጀርመንኛ ማወቅ አያስፈልግም። አንድ ልብስ ሰፊ በአጋጣሚ አይቶት ሄደ፤ በነጋታው ሦስት ሆነው መጡ። ከዚያ ወሬው ከበረንዳ በረንዳ ሄዶ የነቀምቴ ልብስ ሰፊ ሁሉ ተራ ያዘ። መርጋም ልብስ ሰፊ ነውና፣ «ቤታችን ያደረ መጽሐፍ ነው፣ ለእኔ ተራ ምን ያደርግልኛል?» ብሏት ነበር። እምቢ አለችው። ለሁሉም እኩል አሥር አሥር ቀን አለች፤ ለወንድሟ ብላ ተራ ብታዛባ የተማረችው ሁሉ ውሸት የሚሆን መሰላት።

ችግሩ ተራቸው የደረሰውን ማግኘት ነበር። እዚያ በተማረችበት አገር አንድ መጽሐፍ አርባ ሰው ሲፈልገው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለእያንዳንዱ ቀኑ ሲደርስ በፖስታ ካርድ ልኮ ይጠራዋል። እዚህ የቤት ቁጥር የለም። ቤት ለቤት ልፈልጋቸው ብላ ስትወጣ ደግሞ፣ በር ላይ የምታገኛቸው እናቶች ሁሉ ልጃቸው ሩቅ አገር ነው። የአንዱ ጊምቢ ሄዷል፣ የአንዱ ሻምቡ፣ የሌላው አሶሳ። ማታ ማታ ግን ከእነዚያው መንገደኞች አንዱ ኮቱን ራሱ ላይ ደፍቶ አዳራሹ በር ላይ ብቅ ይልና «መጽሐፉ አልተመለሰም?» ይላታል። የነቀምቴ ልብስ ሰፊ መንገድ ይወዳል አለች በልቧ። ተራ ከያዙት ገና ያልደረሳቸው ሰባቱ እርስ በርስ እየተቀባበሉ እንዲያነቡት አንድ ነገር መፈጠር ነበረበት። ያን ጊዜ ነው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ትዝ ያላት። ገበያው ዳር ረጅም ባሕር ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ከመጣች ጀምሮ ለስብሰባና ለመዋጮ ሲጮህ ሰምታዋለች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እሸቱ ሐሳቡን ወደደው። «ስም ነው የምታነቢው?» አላት።

«ስምና የመጽሐፉን ነገር። ተራቸው እንደደረሰ።»

«ጥሩ ነው። ሕዝቡ ማንበብ አለበት። በአማርኛ ይሁን እንጂ፤ በሌላ ቋንቋ እንዲጮህ መመሪያ የለም።»

ገበያው ሞቅ ሲል ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገብታ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። በመጀመሪያ አፉጨ፤ ከዚያ የገዛ ድምፅዋ ከደጅ ዞሮ መጣባት። ደስ አላት። የወር ልፋቷ፣ የዓመታት ትምህርቷ በአንድ ጊዜ ከቅቤው ተራ እስከ ቡናው ተራ ሲደርስ ተሰማት። ሰባቱን ስም ከነአባታቸው ጠራች፤ የሚሠሩበትንም በረንዳ አንድ በአንድ ገለጸች፤ ስመ ሞክሼ እንዳይምታታ ብላ። መርጋን መጨረሻ ላይ፣ «በኦቦ ፈድሉ ሱቅ የሚሠራው» ብላ ጠራችው። ስማቸው የተጠራ ሁሉ ዛሬውኑ አዳራሹ ድረስ እንዲመጡ አሳስባ በትህትና አመሰገነች።

አዳራሹ ውስጥ ተመልሳ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አልተመቻትም፤ ወደ መስኮቱ አቅራቢያ ወሰደችው። ፀሐይ ገጹን እንዳያደርቀው ሰጋችና መልሳ አመጣችው። አግዳሚዎቹን ጠረገች። ሰው የለም። መጀመሪያ ምናልባት የያዙትን ስፌት እየጨረሱ ይሆናል አለች። በኋላ ግን ጆሮዋ አንድ ነገር ያዘ፤ የቅዳሜ ገበያ ጩኸት፣ አዳራሹን ሁልጊዜ እንደ ወንዝ ድምፅ የሚሞላው፣ ቀስ በቀስ እየሳሳ ነበር። የአህያ ኮቴ ይሰማል፤ ወደ ገበያው የሚመጣ ሳይሆን የሚወጣ። በሩን ቆልፋ ሄደች።

የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ጭር ብሏል። የስፌት መኪኖቹ በተርታ እንደቆሙ ናቸው፤ አንዱ መርፌው ሥር ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ተንጠልጥሎ፣ እጅጌው ግማሽ ድረስ ተሰፍቶ ቀርቷል። መቀስ መሬት ላይ ወድቋል። ሜትር ደረጃው ላይ እንደ እባብ ተጋድሟል። አንዲት ሴትዮ የቀሚሱን ጫፍ አፈር እንዳይነካው በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። በቀለች ትባላለች፤ ልጇን ልትድር ነውና ቀሚሱን ልትወስድ ከጉቴ የመጣች ናት፤ ሠርጉ ነገ ነው። ድርቤ «አካም ኦልቴ፣ አዴ» ብላ ሰላም ስትላት ሴትዮዋ ድምፁን ለየችው።

«አንቺ ነሽ?» አለቻት። «ከላይ የምትጮኺው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ግን ለመጽሐፍ ነበር።»

«ያንቺ መጽሐፍ ልጄን በአንድ እጅጌ ሊድራት ነው። ምነው፣ ሰፊ ብቻ ነው እንዴ ዘንድሮ የሚበሉት? ባለፈው ዓመት እንኳ ከየሙያው አንድ አንድ ነበር የወሰዱት።» ቀሚሱን ሰብስባ እቅፏ ውስጥ ከተተችው። «ወንፊት ሸጬ የገዛሁት ጨርቅ ነው።»

ድርቤ መሬት የወደቀውን መቀስ አንስታ መኪናው ላይ አኖረችው። እግሯ ወደ ፈድሉ ሱቅ መራት። ፈድሉ ከሶዶ መጥቶ እዚህ የሸመገለ ነጋዴ ነው፤ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አቡጀዲና ተትረን ይሸጣል። በዚህ በገበያ ቀን በሩን ገርበብ አድርጎ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለና መጋረጃውን ገልጦ ጓዳውን አሳያት። የመርጋ መኪና እዚያ ነው ያለው፤ መስኮት በሌለው፣ የጨው ጆንያ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ። ወንድሟ ለምን በረንዳ ላይ እንደ ሌሎቹ እንደማይሠራ ድርቤ ጠይቃ አታውቅም። ጉንፋን ይፈራል ብላ ነበር።

«በኋላ በር ወጣ» አለ ፈድሉ። «ስሙን ጨርሰሽ ሳትጠሪው ወጣ። አጥሩ ላይ ሱሪው ተቀደደ። ልብስ ሰፊ ሆኖ የተቀደደ ሱሪ ለብሶ ሄደ፣ ወላሂ።»

«ምን ሆናችሁ ነው? ምንድን ነው ያደረግኩት?»

ፈድሉ ትኩር ብሎ አያት። «ያለሽበት አገር ስም በማይክራፎን ሲጠራ ምን ይደረጋል?»

«ባቡር ጣቢያ ላይ ይጠራል። ልጅ ሲጠፋ።»

«እዚህ ልጁ የሚጠፋው ከተጠራ በኋላ ነው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሩን እያየ ነገራት። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ነገር የመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ዙር ሲደርስ ቀበሌው የሚፈለግበት ኮታ አለ፤ የወጣቶቹ ስም ከዚያ ባሕር ዛፍ ላይ ይነበባል፤ የተጠራ ራሱ ይቀርባል፣ ያልቀረበ ሌሊት ከአልጋው ላይ ይወሰዳል። ባለፈው ዙር ሰው ሲሸሽባቸው ዘዴ ቀየሩ። ለእግር ኳስ ማልያ ልትለኩ ነው ብለው ጠሩ። የሄዱት ልጆች ማልያውን ሳያዩ መኪና ላይ ተጫኑ። እና ዛሬ ደግሞ የመጽሐፍ ተራ ሲባል፣ ያልገባው ሰው ስሙን ብቻ ሰምቶ ሮጠ፤ የገባውም «ደሞ መጽሐፍ አሉት» ብሎ ሮጠ።

«ሌሎቹ ነገ ተነገ ወዲያ ይመለሱ ይሆናል» አለ ፈድሉ። «የመርጋ ነው የከፋው። ባለፈው ዙር ተጠርቶ ነበር። ቀለሟ ጊምቢ አጎቱ ጋ ሄዷል ብላ ቀበሌው ፊት ቃሏን ሰጥታ አሻራዋን አኑራለች። ዛሬ አንቺ በፈድሉ ሱቅ ይሠራል አልሽ። የከፋው ለእሱም፣ ለእሷም፣ ለእኔም ነው።»

ድርቤ ጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ከተመለሰች ጀምሮ እንዲህ ዝም ብላ ተቀምጣ አታውቅም። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈርተውሽ ነዋ፣ እህቴ። መንግሥት ልኮ ያስተማረሽ፣ የተወረሰ ቤት ውስጥ የምትሠሪ። ቀለሟ አንድ ቀን እዚሁ ቆማ፣ እህቴ ናት ግን ምን ሆና እንደመጣች አላውቅም አለችኝ። እኔም ፈርቼሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁንም ትንሽ እፈራሻለሁ።»

አዳራሹ ስትመለስ ጓድ እሸቱ በር ላይ ይጠብቃታል። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ከአዳራሹ ኋላ፣ ጉሎው ሥር ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አብሯት ገባ። መጽሐፉን ገለጠ፣ የኮቱ ሥዕል ላይ ጣቱን አሳረፈ፣ ባለ ሁለት ረድፍ ቁልፍ ኮት ላይ ቆየ። «ያምራል» አለ። «ማንም አልመጣም አይደል?»

«አልመጡም።»

«ወንድምሽ ጊምቢ ነው ተብሎ ነበር።»

«ተራው ደረሰና ጠራሁት» አለች።  «የት እንዳለ አላውቅም። ድሮ ፈድሉ ጋ ይሠራ ስለነበር ነው እንዲያ ያልኩት።»

እሸቱ አልተቆጣም። እንዲያውም ፈገግ አለ፤ ይኼ ነው ያስፈራት። «ሕዝቡን አስደነገጥሽው። ገበያ ፈታሽ። አሁን አንቺው ታረጋጊዋለሽ። በኦሮምኛ ንገሪያቸው፤ አንቺን ያምኑሻል፣ የዚህ አገር ልጅ ነሽ። የመጽሐፍ ነገር ብቻ መሆኑን፣ አዳራሹ እንዲመጡም ንገሪያቸው። ውሸት አይደለማ።» መጽሐፉን ዘግቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። «ይኼን እስከዚያ እኔ ላየው። ልጆቹ ሲመጡ እልክልሻለሁ።»

ወደ ቀበሌው ሲሄዱ ከኋላው እየተከተለች አሰበች። እንድትናገር የታዘዘችው ከአፍ እስከ ገደፉ እውነት ነው። ያ ነው የከበዳት። ብትዋሽ አይኗን አይቶ ያውቅባታል፤ የእሱ ኦሮምኛም ቢሆን ገበያ የሚያስገዛውን ያህል አያንሰውም። እምቢ ብትል ቀለሟን ዛሬውኑ ይጠሯታል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ አንዳንዱ ያምናታል፤ የስፌት መኪናው ዕዳ ገና ያልተከፈለ፣ ጨርቅ ተቀብሎ ሠርግ የሚጠበቅበት፣ የቀለሟ እህት ናት ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። ከአዳራሹ ኋላ ጉሎው ሥር ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

ማይክራፎኑ አፉጨ። እሸቱ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ አጠገቧ ቆመ። ድርቤ በእናቷ ቋንቋ ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ከጉቴም ከአርጆም የመጣ እንዲገባው አድርጋ። የጠራሁት እኔ ድርቤ ነኝ፣ የቀለሟ እህት አለች። ስለጠራሁበት መንገድ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አገሩን ትቼ ስለቆየሁ አላወቅኩም። የጠራሁት ለልብስ ቅድ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ አለ፣ እኔው ነኝ ያመጣሁት። እሸቱ ራሱን ነቀነቀ። አሁን ግን መጽሐፉ አዳራሹ ውስጥ የለም አለች በዚያው ድምፅ። ጓድ ሊቀመንበር እሸቱ ወስደውታል፤ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛቸው ላይ አለ። ተራው የደረሰ ሰው አዳራሹ ጋ አይልፋ፤ እዚህ ይምጣ፣ ጓድ ሊቀመንበር ራሳቸው በእጃቸው ይሰጡታል።

እሸቱ ማጥፊያውን ተጫነው። ከደጅ፣ ከቅቤው ተራ የአንዲት አሮጊት ሳቅ ተሰማ። ሌላዋ ተቀበለቻት። ገበያው ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ፣ ቆሎ ሻጩም ሸክላ ሻጩም፣ ወደ ቀበሌው በር ዞሮ መጽሐፉን ሊወስድ የሚመጣውን ጀግና ይጠብቅ ጀመር።

«አዳራሹ ይምጡ ነበር ያልኩሽ» አለ እሸቱ።

«መጽሐፉ እርስዎ ጋ ነው ያለው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

መጽሐፉን አየ፣ እሷን አየ።  ቁጭ አለና ስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ። «ነገ ጠዋት እዚህ ትመጫለሽ» አላት በመጨረሻ። «ወንድምሽ የት እንዳለ ትነግሪኛለሽ። የምትነግሪኝን እስክትነግሪኝ ድረስ ትቀመጫለሽ።»

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ቀለሟ ምድጃው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሁለቱንም ጥሪ ሰምታለች፤ ነቀምቴ ውስጥ ያልሰማ የለም። ድርቤ በሩ ላይ ቆመች። ስድብ ጠብቃ ነበር፣ ለቅሶ ጠብቃ ነበር። ቀለሟ ግን ቢላዋውን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ አብሳ፣ አጠገቧ ያለውን ዱካ በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችላት። ድርቤ ተቀመጠች። ወጡ ይንተከተክ ጀመር።

«አዳራሹ ውስጥ፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ደብሮ ቆሞ ያጋባን ቦታ ላይ ነው የተዳርኩት» አለች ቀለሟ ድንገት። «ነግሬሽ አላውቅም።»

«አልነገርሽኝም።»

«ብዙ ነገር አልነገርኩሽም።» ወደ ደጅ አየት አድርጋ ጠጋ አለቻት፤ ትንፋሿ ጆሮዋን እስኪነካት ድረስ። «ስሚ፣ መርጋ ያለው...»

ድርቤ የእህቷን አፍ በእጇ ያዘችው። መዳፏ ሥር የቀለሟ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ የቦታው ስም ሊወጣ ሲል ተሰማት። ከመጣች ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረ ቃል ነው።

«አትንገሪኝ» አለቻት። «ነገ ጠዋት ይጠይቁኛል።»

 ቀለሟ የድርቤን እጅ ከአፏ ላይ በቀስታ አንስታ፣ ሳትለቀው፣ በሌላው እጇ ወጡን በማማሰያ ጨልፋ አቀረበችላት።

«ጨው ያንሰዋል?»

ድርቤ ቀመሰች። «ልክ ነው» አለች።